ከካርቶን የተቆረጠ ጠረፍ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1940 ሊነጋጋ ሲል «ፍራንቼስኮ ኑሎ» የተባለች የጣሊያን ዲስትሮየር በዳህላክ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ ወደምትገኘው ወደ ሐርሚል ትሸሽ ነበር። ሌሊቱን ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ፣ በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ይጓዝ በነበረ የ32 የንግድ መርከቦች ኮንቮይ ላይ ጥቃት ሞክራ አልቀናትም። አሁን ከኋላዋ የእንግሊዟ ዲስትሮየር «ኪምበርሊ» አለች። ኑሎ አራት መድፍ ነበራት፣ ኪምበርሊ ስድስት፤ የመድፎቹ አፍ ስፋት ግን እኩል ነው፣ 120 ሚሊ ሜትር ገደማ። በመድፍ ብዛት ብቻ ቢሆን ነገሩ ያለቀለት ነበር። ኑሎም እየተመታች ሄዳ ሐርሚል ዳርቻ ላይ ተቀረቀረች። ደሴቲቱ ላይ ግን ጣሊያኖች መድፍ ተክለው ነበርና ኪምበርሊ ልትጨርሳት ስትጠጋ ከየብስ የተተኮሰ ጥይት የሞተር ክፍሏን መታው። አሳዳጇ ባሕር ላይ ቆመች። የኒውዚላንዷ ክሩዘር «ሊያንደር» ደርሳ ወደ ፖርት ሱዳን ጎትታ ባትወስዳት ኖሮ ምን ይገጥማት እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። ኑሎን ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አወደሟት። አዛዧ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ መርከቧን ጥሎ አልወጣም፤ እዚያው ሞተ።

ይህን ውጊያ ጣት በማይሞሉ መርከቦች ጠረጴዛ ላይ ደግመን የምንጫወት ሰዎች አለን። የምኖረው ሊቨርፑል ነው። ከሥራ ስንወጣ እንሰበሰባለን፤ ዳይስ እንወረውራለን፣ ርቀት በሜትር እንለካለን፣ የደንቡን መጽሐፍ እየገለጥን እንከራከራለን። ስለዚህ ጨዋታ ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። አብዛኛው የሚያወራው ስለ መርከቦቹ፣ ስለ መድፉና ስለ ደንቡ ነው፤ ስለ የብሱ የተጻፈው ከዚያ አጠገብ ሲያዩት ከቁጥር አይገባም። ሐርሚልን ከጠረጴዛው ላይ አንሡና ተጫወቱ፦ ኪምበርሊ ሁልጊዜ ታሸንፋለች፣ ሊያንደርም የምትጎትተው አይኖራትም። ደሴቲቱን መልሷት፤ ያን ጊዜ ውጊያው እውነተኛ ውጊያ ይሆናል። የባሕር ውጊያ ግማሹ የብስ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ግማሽ ወደ ጨዋታው ያመጡት ደግሞ በአብዛኛው አድሚራሎች አይደሉም፤ የዕቃ መጠቅለያ ለመጣል እጃቸው እሺ ያላላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የየብስ ጦርነት ጨዋታ ገና ከጅምሩ መሬት ነበረው። የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 ለንጉሡ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሣልሳዊ ያቀረበው ጠረጴዛ ላይ ኮረብታውና ወንዙ ከጄሶ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ እየተነሣ የሚገጣጠም ነበር። ለባሕር ግን እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አልነበረም። ከእሱ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ በስኮትላንድ የኤልዲኑ ጆን ክለርክ የመርከብ ሞዴሎችን ጠረጴዛ ላይ እያሰለፈ ስለ ባሕር ውጊያ ስልት ይመራመር ነበር። ባሕርተኛ አልነበረም፤ የኤዲንብራ ነጋዴ፣ ኋላም የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤት ነው። ጽሑፉን በ1782 ለወዳጆቹ ብቻ በጥቂት ቅጂ አሳተመው፤ እየቆየ ግን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንኖች በብርቱ የሚነጋገሩበት መጽሐፍ ሆነ። የሚገርመኝ ሌላው ሥራው ነው። ክለርክ የታላቁ የሥነ ምድር ሊቅ የጄምስ ሀተን ወዳጅ ነበር፤ የስኮትላንድን ዐለት ከነንብርብሩ እየዞረ የሣለለትም እሱ ነው። ዐለትን እንደ እሱ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በዘመኑ ብዙ አልነበረም። መርከቦቹን ያሰለፈበት ጠረጴዛ ላይ ግን አንዲት ድንጋይ አላስቀመጠም። የዚያ ዘመን ውጊያ ሁለት ረጃጅም የመርከብ ሰልፎች ሰፊ ውኃ ላይ ፊት ለፊት የሚታኮሱበት ስለነበር የሚመራመረው ስለ ሰልፉ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ስሙ እስካሁን በመርከብ መዝገብ ላይ የሚጠራው ፍሬድ ጄን የባሕር ጦርነት ጨዋታውን በ1898 አወጣ። ተጫዋቹ ጫፉ ላይ መርፌ ባለው መምቻ የጠላቱ መርከብ የተሣለበትን ካርድ ይመታል፤ መርፌው የበሳው ቦታ ጥይቱ ያረፈበት ነው። ረቂቅ ፈጠራ ነው፤ ዛሬም ልቤን ይወስደዋል። በኒውዮርክ ደግሞ ደራሲው ፍሌቸር ፕራት በ1930ዎቹ ወዳጆቹን መኖሪያ ቤቱ ወለል ላይ አንበርክኮ ያጫውት ነበር፤ ሰው ሲበዛበት አዳራሽ ፈለገ። ከባልሳ እንጨት የተጠረቡት መርከቦች ወለሉ ላይ ይደረደራሉ፣ ተኳሹ ርቀቱን በዐይኑ ገምቶ ይናገራል፣ ከዚያ በሜትር ይለካል፣ ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ምልክት ይቀመጣል። የፕራት ዝና ያረፈው በዚህ የዐይን ግምት ላይ ነው። የብሱ ምን ይሁን ለሚለው ብዙ ሐሳብ ያባከነ አይመስለኝም።

ደሴት ያገኘሁት ልጆች ክፍል ውስጥ ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1911 «ፍሎር ጌምስ» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዓለም የሚያውቀው በሳይንስ ልብ ወለዱ ነው፤ በዚህች መጽሐፍ ግን የሚናገረው ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ስለሚጫወተው ጨዋታ ነው። ከጨዋታዎቹ በአንዱ ወለሉ ባሕር ነው፤ ሳንቃዎቹ ደሴቶች ናቸው። ባሕሩን ለሁለቱ ልጆች ያካፍላቸዋል፤ እነሱ ሳንቃዎቹን በትነው እያንዳንዱን ደሴት ያለብሱታል፤ ከጓሮ የተቀጠፈ ቅርንጫፍ ዛፍ ይሆናል፣ ከጭቃ የተድቦለቦለው እንስሳ ይሆናል። ከዚያ መርከቦቹ ከደሴት ደሴት ይሄዳሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተማት «ሊትል ዋርስ» የወታደሮች ጨዋታ ናት፣ ዝናዋም የበለጠ ነው። እኔ ግን ከሁለቱ የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ። የጆን ክለርክ መርከቦች የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም፤ የዌልስ ልጆች መርከቦች ግን የሚደርሱበት ወደብ ነበራቸው። ደሴቱም ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የተገኘ ሳንቃ ነው።

ወደምኖርበት ከተማ ልምጣ። ሊቨርፑል መሐል ደርቢ ሀውስ የሚባል ትልቅ ሕንጻ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአትላንቲክ ኮንቮይ የሚመራው ከዚያ ነበር፤ ምድር ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በጃንዋሪ 1942 በሕንጻው የላይኛው ፎቅ ጊልበርት ሮበርትስ የተባለ መኮንን የጦርነት ጨዋታ ክፍል እንዲከፍት ታዘዘ። ሮበርትስ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከባሕር ኃይል የተሰናበተ ሰው ነበር። ረዳቶቹ በአብዛኛው ከሴቶች የባሕር ኃይል አገልግሎት የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወለሉን በካሬ ከፋፈሉት፤ 10 ኢንች፣ ማለትም 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ የባሕር ማይል ሆነ። ትናንሽ ሞዴል መርከቦችን እየገፉ የሄዱበትን በጠመኔ ይሥላሉ፤ የአጃቢዎቹ መስመር ነጭ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መስመር አረንጓዴ። የአጃቢ መርከብ አዛዥ ሊሆኑ የመጡት መኮንኖች ከሸራ መጋረጃ ጀርባ ቆመው በጠባብ ቀዳዳ ያያሉ። አረንጓዴው ጠመኔ ከቀዳዳው በኩል እንዳይለይ ሆኖ ነው የተመረጠው። ስለዚህ መኮንኑ የሚያየው ባሕር ላይ ቢሆን ሊያይ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው።

ይህ የጠመኔ ነገር ለእኔ ከመርከቦቹ ይበልጥብኛል። ሴቶቹ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የት ቆመው ኮንቮዩን እንደሚመቱ ወለል ላይ ፈትነው ደረሱበት። ከእነሱ አንዷ ጂን ሌይድሎ «ራስፕቤሪ» ብላ የሰየመችው የመልስ ስልትም ከዚያ ወጣ። በ1942 መጨረሻ የሊቨርፑሉን ዕዝ የተረከበው አድሚራል ማክስ ሆርተን ራሱ የሰርጓጅ መርከብ ሰው ነበር፤ ከወጣቷ ከጃኔት ኦኬል ጋር ወለሉ ላይ ገጥሞ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። ጦርነቱ እስኪያልቅ አምስት ሺህ ያህል መኮንኖች በዚያ ክፍል አልፈዋል። ያ ወለል ጠረፍ አልነበረውም፤ የሚጫወቱት ከየትኛውም የብስ በራቀ ውቅያኖስ ስለነበር አያስፈልገውም። የአትላንቲክ ጨዋታ ባዶ ወለል ይበቃዋል። የቀይ ባሕር ጨዋታ ግን ባዶ ወለል ላይ አይቆምም።

የጠረፍ ሥራ በእውነት የተሠራበት ቦታ ከሊቨርፑል ወደ ደቡብ፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ሜድመናም በሚባል መንደር ነው። ዳንስፊልድ ሀውስ በተባለ ትልቅ መኖሪያ ውስጥ የእንግሊዝ አየር ኃይል ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን የሚመረምር ማዕከል ነበረው። በውስጡ የሞዴል ሠሪዎች ክፍል ነበረ፤ ቀራጺዎች፣ ሠዓሊዎች፣ የእንጨት ሠራተኞች። ሥራቸው ጠላት የያዘውን ጠረፍና ከተማ አሳንሶ መሥራት ነው። የኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ፣ የጀርመን ግድቦች፣ ሮኬት የሚሠራበት ፔኔሙንደ በእነዚህ ሰዎች እጅ አልፈዋል።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ እኔም በካርቶን የምሠራው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ከካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘውን መስመር ይወስዳሉ። እያንዳንዱን መስመር ሀርድ ቦርድ ላይ ገልብጠው በቀጭን መጋዝ ይቆርጡታል። ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ እያደረጉ ይደራርቡታል፤ የሀርድ ቦርዱ ውፍረት የከፍታው ልክ ነው። ደረጃ ደረጃ የሆነውን ጠርዝ ሞልተው ያለሰልሱታል። ከዚያ የአየር ፎቶግራፉን አርጥበው ከላዩ ላይ ያለብሱታል፤ ዛፉ ዛፍ ላይ፣ ቤቱ ቤት ላይ እንዲያርፍ በጣታቸው እየሳቡ ያስተካክሉታል። የሚወርደው ወታደር ሞዴሉን ጎንበስ ብሎ በዐይኑ ልክ ሲያየው የሚያየው ከጀልባው ሆኖ ሊያየው የሚገባውን ጠረፍ ነው። እነዚህ ሰዎች ጨዋታ አልሠሩም። ነገር ግን ከእነሱ በኋላ ቤቱ ውስጥ ጠረፍ የሠራ ሰው ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ የእነሱ ተማሪ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሀርድ ቦርድና ቀጭን መጋዝ በየቤቱ አልነበረም። በየቤቱ የገባው ካርቶን ነው። ሞገድ የሆነውን ወረቀት መጀመሪያ በ1856 እንግሊዝ ውስጥ ለባርኔጣ ገበር አስመዘገቡት፤ ለዕቃ መጠቅለያነት ያዋለው በ1871 የኒውዮርኩ አልበርት ጆንስ ነው፤ ጠርሙስና የፋኖስ ብርጭቆ እንዳይሰበር። የእንቁላል መያዣውን በ1911 የፈጠረው ካናዳዊው ጆሴፍ ኮይል የጋዜጣ ሰው ነበር። አንድ ገበሬና አንድ ሆቴል በተሰበረ እንቁላል ሲጨቃጨቁ ሰምቶ ነው ይባላል። ፎሙ ደግሞ ከጀርመን መጣ፤ ባስፍ የተባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ያወጣው እንደ ፈንዲሻ የሚያብበው ፕላስቲክ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ማሸጊያ ሆነ። የእንግሊዝ ቤቶች ደግሞ በ1960ዎቹ ጣሪያቸው ላይ ስስ የፎም ሰሌዳ መለጠፍ ጀመሩ። የጦርነት ተጫዋቾቹ ወዲያው ወደዱት፤ ከጣሪያ የተረፈው ሰሌዳ በቢላ ተቆርጦ ኮረብታ ሆነ። በሳውዝሃምፕተን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የነበረው ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ስለ ወታደሮች፣ በ1965 ስለ ባሕር ጨዋታ መጻሕፍት አሳትሞ ይህን መዝናኛ ከጥቂት ሰዎች እጅ አውጥቶ ለብዙ ቤት አደረሰው። ያ ትውልድ ገንዘብ አልነበረውም፤ የነበረው ማሸጊያ ነው። መርከቡን ይገዛል፣ ጠረፉን ከሚጣለው ይቆርጣል። እስካሁንም ልማዱ ይኸው ነው።

የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን አይቸግረኝም። የሚቸግረው ልኬቱ ነው። የምንጫወትባቸው መርከቦች 1 ለ 3000 ናቸው። ኑሎ በእውነት 90 ሜትር ነበረች፤ ጠረጴዛዬ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ናት። ሊያንደር 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች። አሁን መድፉን እንይ። 120 ሚሊ ሜትሩ መድፍ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይተኩሳል ብንል፣ በ1 ለ 3000 ይህ አምስት ሜትር ነው፤ ከቤቴ ግድግዳ ያልፋል። ስለዚህ መርከቡን በአንድ ልኬት፣ ባሕሩን በሌላ ልኬት እናደርጋለን። እኛ ቤት ባሕሩ 1 ለ 20000 ነው። 15 ኪሎ ሜትሩ 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ጠረጴዛ 36 በ24 ኪሎ ሜትር የሚሆን ባሕር ይይዛል።

ታዲያ ደሴቱ የትኛውን ልኬት ይከተል? ብዙ ሰው ዐይኑን ተከትሎ ከመርከቡ ጋር ያስተያየዋል፤ ደሴቱ ያምራል፣ ጨዋታው ግን ይበላሻል። በመርከቡ ልኬት የተሠራ ሐርሚል ጠረጴዛውን ሞልቶ ኪምበርሊ የምትዞርበት ውኃ አይተርፍም። ጠረፍ ባሕሩን ነው መከተል ያለበት። ይህን ከተቀበልን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ከፍታው። የተለመደው የዕቃ ካርቶን ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ነው። በ1 ለ 20000 ይህ 60 ሜትር ገደል ማለት ነው። የዳህላክ ደሴቶች ግን ከባሕር ወለል ተነሥቶ የደረቀ ኮራል ናቸው፤ ዝቅ ያሉ፣ ጠፍጣፋ። ለእነሱ የሚሆነው የቁርስ እህል የሚታሸግበት ስስ ካርቶን ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 10 ሜትር። አንድ ሽፋን፣ ግፋ ቢል ሁለት። ወፍራሙን ካርቶን የማወጣው የየብሱን ዳርቻና ከኋላው ያሉትን ኮረብቶች ስሠራ ነው።

ይህን ነገር በይበልጥ ያስተማረኝ አባቴ ነው። በ1960ዎቹ በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ምጽዋ ያገለገለ ነው፤ ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በ1962 ከመጣች በኋላ ባሉት ዓመታት። አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው። የሠራሁትን በስልክ ካሜራ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ዝም ብሎ ያያል።

«ልጄ፣ ዳህላክን ከፍ አድርገህ ከሠራኸው ዳህላክ አይደለም» አለኝ። «እኛ እኮ ደሴቱን የምናየው አጠገቡ ስንደርስ ነው። ሙቀቱ ባሕሩን ያጨሰዋል፤ መሬቱ ከውኃው አይለይም።»

«እንግዲያው በምን ታውቁት ነበር አባባ?»

«በውኃው ቀለም ነዋ! ጥቁር ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሲሄድ እግርህ ሥር ኮራል አለ ማለት ነው። ፀሐይ ከኋላህ ከሆነች ታየዋለህ። ከፊትህ ከሆነች ግን እግዜር ይጠብቅህ።»

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ጠረፍ ከውኃው ቀለም ይጀምራል። እንጆሪ የሚሸጥበት ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አለ፤ ክዳኑን ጠፍጣፋውን ክፍል ብቻ በመቀስ እቆርጣለሁ። ቅርጹ ከደሴቱ የሰፋ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ ይሆናል። የምቀባው በታች በኩል ነው፤ ወደ ደሴቱ ሲጠጋ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ወደ ውጭ ሲሄድ እየሳሳ ያልቃል። ተገልብጦ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ላዩ ያልተቀባው ፕላስቲክ እንደ ውኃ ያንጸባርቃል፣ ቀለሙም ከሥር ይታያል። ስሱ የካርቶን ደሴት ከዚያ ላይ በአናጺ ነጭ ኮላ ይጣበቃል። የኮራል ደሴት ዳር ብዙ ቦታ ከሥሩ በሞገድ የተበላ ነው፤ ላዩ ወደ ባሕሩ ወጣ ይላል። ስለዚህ ከተሩን አዘንብዬ የካርቶኑን ጠርዝ ወደ ውስጥ እቆርጠዋለሁ። ይህ በዐይን የሚታይ ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ መብራት በጎን ሲያርፍበት ግን ከደሴቱ ሥር ቀጭን ጥላ ይወድቃል፣ ደሴቱም ከውኃ የወጣ ይመስላል።

ትልልቅ ሞዴል ስንሠራ፣ አንድ ቋጥኝ ወይም አንድ የመድፍ ምሽግ ብቻ ለማሳየት፣ ፎሙ ይመጣል። ፎም ላይ በግፊት የሚረጭ ቀለም ከተነፋበት ቀለሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኮላ ቀብቶ ያደርቀዋል። ለኮራል ግን ሆነ ብዬ እተወዋለሁ። ከሩቅ ስስ አድርጌ ስነፋበት ላዩ ይቀልጥና እንደ እንጀራ ዐይን ይበሳሳል፤ የዳህላክ ድንጋይ ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ጭሱ ለሳንባ መርዝ ስለሆነ የምሠራው ደጅ ብቻ ነው። የእንቁላል መያዣውን ቀዳድጄ ውኃና ኮላ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ሲላቁጥ የካርቶን ደረጃዎች መሐል ይገባል፣ ሲደርቅ ገደል ነው። ለአሸዋውና ለአፈሩ የቡና አተላ አለኝ። ሦስተኛው ከፈላ በኋላ የቀረውን አተላ ምጣድ ላይ በደንብ አደርቀዋለሁ፤ እርጥበት ከቀረው ይሻግታል። ኮላ በተቀባው ላይ እነሰንሰዋለሁ፣ ከዚያ ደረቅ ብሩሽ በነጣ ቀለም አሳርፍበታለሁ።

ሐርሚል በዚህ መንገድ ተሠርታ፣ የጠረፍ መድፎቹ አንዲት ትንሽ የካርቶን ቁራጭ ላይ ተተክለው ስንጫወት ኪምበርሊን የያዘው ሰው አመለካከቱ ይለወጣል። ኑሎን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ያቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ የመድፉን ርቀት በሜትር ይለካል፣ አረንጓዴው ውኃ የት እንደሚጀምር ይጠይቃል። ልቀጥል ወይስ ልመለስ የሚለው ውሳኔ የኪምበርሊ አዛዥ በዚያ ንጋት የነበረበት ውሳኔ ነው። ባዶ ጨርቅ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም።

ከሐርሚል ይልቅ የሚያስቸግረው የ«ሊዮኔ» ነገር ነው። በ1941 የፀደይ ወራት የእንግሊዝ ጦር ወደ ምጽዋ ሲቃረብ እዚያ የቀሩት የጣሊያን ዲስትሮየሮች የመጨረሻ ጥቃት ለማድረግ ተዘጋጁ። በማርች 31 ሌሊት ሦስቱ ትልልቆቹ ወደ ሰሜን ወጡ። ከእነሱ አንዷ ሊዮኔ ካርታ ላይ የሌለ ድንጋይ መታች፤ ውኃ ገባት፣ እሳት ተነሣባት። ሠራተኞቿን አንሥተው እሷን እዚያው አጠፏት። አንድም የእንግሊዝ ጥይት ሳይነካት። የቀሩት አምስቱ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ፖርት ሱዳን ወጡ፤ በማግስቱ የእንግሊዟ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የ«ኢግል» ሶርድፊሽ አውሮፕላኖች «ሳውሮ»ንና «ማኒን»ን አሰጠሙ፤ ሌሎቹን የገዛ ሠራተኞቻቸው አጠፏቸው። ምጽዋ በኤፕሪል 8 ተያዘች። በዚያው ሰሞን አንዲት የጣሊያን ቶርፒዶ ጀልባ ከወደቡ ውጭ የነበረችውን የእንግሊዝ ክሩዘር «ኬፕታውን»ን መትታ አቆሰለቻት።

ካርታ ላይ የሌለ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ተጫዋቹ ካየው ካርታ ላይ አለ ማለት ነው። ዳኛው በወረቀት ላይ በምሥጢር ሊይዘው ይችላል፤ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። እኔ ግን የሊቨርፑሉን አረንጓዴ ጠመኔ ስላስታወስኩ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ያንኑ የእንጆሪ ክዳን ሳልቀባው በጥፍር ልክ እቆርጠውና ከሰማያዊው ጨርቅ ሥር አስገባዋለሁ። ከላይ ምንም አይታይም። ተጫዋቹ መርከቡን በጣቱ ሲገፋ የመርከቡ ታች ከፍ ብሎ ይሰናከላል። ዳኛው ጨርቁን ገልጦ ያሳየዋል፣ ዳይሱን ይወረውራል፣ ውኃው ስንት ክፍል እንደገባ ይነግረዋል። የት የት እንዳሉ የሚያውቀው ጨርቁን ያነጠፈው ሰው ብቻ ስለሆነ በዚያ ምሽት እሱ አይጫወትም።

አሁን የጀመርኩት ምጽዋን ነው፤ ጣሊያኖች ከመውጣታቸው በፊት መርከቦቻቸውን አፉ ላይ አስጥመው የዘጉትን ወደብ፣ በኋላም አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1942 መጥቶ የሰመጠውን እያነሣ የከፈተውን። እዚያ ጠረፉ የሰው እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ ድንጋይና ኮንክሪት፣ ከየብስ ወደ ጣውሉድ፣ ከጣውሉድ ወደ ምጽዋ ደሴት የሚያሻግር ግንብ። የእንቁላል መያዣ ለዚህ አይሆንም። ጠርዙ ንጹህ የሆነ፣ ሳይቀደድ የሚቆረጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የመድኃኒት ካርቶን ተወዳዳሪ የለውም፣ ከውስጥ በኩል ነጭ ስለሆነ የኖራ ግድግዳውን ቀለም ያተርፋል። የሰመጡትን መርከቦች ምሰሶና ጭስ ማውጫ ብቻ ከውኃው በላይ ለማሳየት ደግሞ የጆሮ መጥረጊያ እንጨትና የኮላ ጠርሙስ አፍ እየሰበሰብኩ ነው። ግንቡ ላይ የሚያልፈውን የባቡር ሐዲድ በምን እንደምሠራው ገና አልወሰንኩም።